ተሰናባች ወታደር በገናሌ ዳር፤ ከጥማድ በሬ ይልቅ የውኃ ተራ

ገናሌና ዳዋ በሶማሌ ክልል ሊበን ዞን፣ ዶሎ ኦዶ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው ጁባ ነው፤ ድንበር ተሻግረው ወደ ሶማሊያ ይወርዳሉ። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ200 ሜትር ብዙም ያልራቀ ቆላ በመሆኑ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ዝናቡም የሚታመን አይደለም። ወንዙ ዳር ግን ሌላ ዓለም ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር በቆመበትና ቦይ በደረሰበት ሁሉ ሽንኩርት፣ በቆሎ፣ ሐብሐብና ሰሊጥ ይበቅላል። ቦዩ ካበቃበት ጥቂት እርምጃ ዘወር ሲሉ ደግሞ ቁጥቋጦና አቧራ ነው።

ከሠራዊት ተሰናብቶ ወደዚህ ቀዬ የሚመለስ ሰው ኑሮው የሚወሰነው ከዚህ መስመር በየትኛው ወገን እንደሚቆም ነው። ቦዩ በሚደርስበት ማሳ ላይ የውኃ ተራ ካገኘ ገበሬ ይሆናል። ካላገኘ በከተማው ሻይ ቤት የሚውል ሥራ ፈላጊ ሆኖ ይቀራል። ለተሰናባች ወታደር የሚሰጥ የሥራ አገልግሎት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ምዝገባ፣ ሥልጠናና የመቋቋሚያ ገንዘብ ነው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። በገናሌ ዳርቻ ግን ከሦስቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ውኃው ለማን ይደርሳል?

ሦስት ዙር ስንብት

ኢትዮጵያ ወታደር አሰናብቶ በማቋቋም ረገድ ልምድ የሌላት አገር አይደለችም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. እንደወደቀ የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተመሠረተ። በአንድ ጊዜ ከ450 ሺህ በላይ ወታደር ተሰናበተ። እንደ ጦላይና ታጠቅ ባሉ ካምፖች ተሰብስቦ ተሃድሶ ከወሰደ በኋላ ብዙው ወደ ገጠር ተመለሰ። ለገጠር ተመላሹ የተዘጋጀው ድጋፍ ግልጽ ነበር። በየአካባቢው የገበሬ ማኅበር አማካይነት መሬት፣ በኮሚሽኑ በኩል ደግሞ የመጓጓዣና የቀለብ ድጋፍ፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ እንደየቦታውም የእርሻ በሬ ይሰጠው ነበር። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድን የመሳሰሉ ለጋሾችም አግዘዋል።

ሁለተኛው ዙር የመጣው ከኤርትራ ጋር የተካሄደው ጦርነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርሱ ስምምነት ከተቋጨ በኋላ ነው። በዓለም ባንክ ብድር በተደገፈ ፕሮጀክት ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ወታደር እንዲሰናበት ታቀደ። ሦስተኛው ዙር አሁን ያለንበት ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በሰባት ክልሎች የሚገኙ 371 ሺህ 971 የቀድሞ ተዋጊዎችን መልሶ ለማቋቋም አቅዷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሯል።

ሶማሌ ክልል በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ መንገድ አለው። የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃነት ግንባር (ኦብነግ) ጥቅምት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. አስመራ ላይ ከመንግሥት ጋር ከተስማማ በኋላ ተዋጊዎቹ ወደ ክልሉ ገብተዋል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የክልሎች ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ወይም ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ፣ የማይፈልግም ወደ ሲቪል ኑሮ እንዲመለስ ተወስኗል። በዚህ ላይ አገልግሎቱን ፈጽሞ ወይም ተጎድቶ ከመከላከያ የሚሰናበተው አለ። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ወረቀት ይዞ የሚቆመው ሰው ከእነዚህ ከየትኛውም ሊመጣ ይችላል። ወረቀቱ ይለያይ እንጂ የሚፈልገው አንድ ነው።

የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1996 የኢትዮጵያን፣ የናሚቢያንና የዩጋንዳን ልምድ አነጻጽሮ ባወጣው ጥናት ወደ እርሻ የተመለሰው ወታደር ከተማ ከቀረው ይልቅ ቀለል ባለ ሁኔታ መቋቋሙን አስፍሯል። ምክንያቱ ለገበሬ አንባቢ አዲስ አይደለም። ገጠር የተመለሰው ቤተሰብ ይጠብቀዋል፤ ቀጣሪ መፈለግም አይኖርበትም። ከተማ የቀረው ግን ጥበቃ ወይም የቀን ሥራ ለማግኘት ከሌላው ሥራ አጥ ጋር ይሰለፋል። ከጠመንጃ ሌላ ሙያ የለውም ተብሎ በመጠርጠሩም በሰልፉ መጨረሻ ይቀራል።

የደጋው ጥቅል ለቆላው

ይህ ሁሉ ልምድ ግን የተቀመረው በደጋና በወይና ደጋ ነው። ጥማድ በሬ፣ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ፣ የስንዴ ወይም የጤፍ ዘር ለአርሲና ለጎጃም ይሠራል። ወደ ዶሎ ኦዶ ሲወርድ ግን ከእጅ ይወድቃል። አርብቶ አደሩና ከፊል አርብቶ አደሩ በሚኖሩበት በዚህ ቆላ በሬ ጠምዶ ማረስ የኑሮው ምሰሶ ሆኖ አያውቅም፤ ዝናብ ጠብቆ መዝራትም ቁማር ነው። ጉ የሚባለው ከሚያዝያ ጀምሮ የሚጥለው ዝናብና ዴይር የሚባለው የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል።

በሬውን በፍየልና በግመል ተክቶ መስጠትስ? በጎ ሐሳብ ነው፤ ሕዝቡም ያውቅበታል። ይሁን እንጂ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የከሸፉበት ድርቅ በሊበንና በቦረና ስንቱን መንጋ እንደፈጀ ማንም አይረሳውም። መንጋ ያለው ሰው ብዙ አጥቶ ጥቂት ይተርፈዋል። ከስንብት ተመልሶ በአምስት ፍየል የጀመረ ሰው ግን በአንድ ክፉ ጂላል ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ከብቱ ደጋፊ እንጂ ብቸኛ መተዳደሪያ ሊሆን አይገባም። ለአዲስ ጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ወንዙ ነው።

ወንዙ ዳር ያለው መሬት ግን ባለቤት የሌለው አይደለም። በጎሳና በቤተሰብ የተያዘ ነው። ወታደሩ በሌለበት ዓመታት ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ አርሶት ሊሆን ይችላል። እንደ 1983ቱ «የገበሬ ማኅበሩ ይስጠው» ብሎ በአንድ ደብዳቤ መጨረስ አይቻልም። እንዲያ የተደረገ እንደሆነ ተመላሹ በመጀመሪያው ዓመት ከገዛ ዘመዱ ጋር ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል። በመሆኑም መሬቱን ከመሸንሸን ይልቅ ውኃውን በጋራ የሚያስተዳድር አካል ውስጥ ማስገባቱ ይቀላል። ያ አካል ደግሞ በወረዳው ውስጥ አለ፤ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም።

ማኅበሩ አለ፤ በሩ ነው ጥያቄው

በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ሶማሊያን የመታው ረሃብ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ዶሎ አፈሰሰ። ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ኮቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ የተባሉት አምስት የስደተኛ ጣቢያዎች ከ200 ሺህ በላይ ሰው ያዙ። ከዚያ በኋላ የኢኬአ ፋውንዴሽን ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ጋር ሆኖ በአካባቢው ባፈሰሰው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ብቻ ሳይሆኑ የመስኖ አውታሮችም ተሠሩ። በወንዙ ዳርቻ የእርሻ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። ልዩ የሚያደርጋቸው ነገር ስደተኛውና የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ማኅበር ውስጥ መሆናቸው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኛው ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በጋራ ልማት እንዲሠራ ፈቅዷል። ከእርሻው ሌላ የፀሐይ ኃይል የሚያስተዳድሩና የፕሮሶፒስን አረም ዛፍ እየቆረጡ ለማገዶ የሚያቀርቡ ማኅበራትም አሉ።

ተመላሽ ወታደርን ለማቋቋም ሲታሰብ አስተዳደሮች ቶሎ የሚታያቸው ለእርሱ ብቻ የሆነ አዲስ ማኅበር ማደራጀት ነው። ለሪፖርት ይመቻል፤ ቁጥሩም በአንድ ቦታ ይገኛል። ነገር ግን የቀድሞ ተዋጊዎችን ለብቻ አንድ ማሳ ላይ ማከማቸት ካምፑን ወደ እርሻ ማዛወር ነው። ጎረቤቱ «የወታደሮቹ ማሳ» ይለዋል፤ ውኃ ባነሰ ቀንም ጠቡ የማኅበርና የማኅበር ሳይሆን የነዋሪና የወታደር ይሆናል። ለስደተኛውና ለነዋሪው የሠራው ማቀላቀል ለወታደሩም መሞከር ይገባዋል። በእያንዳንዱ ማኅበር ሁለት ሦስት ተመላሽ ቢገባ አዲሱ ሰው ከነባሩ ገበሬ አጠገብ ሆኖ ቦይ መጥረግና ውኃ መቀየር ይማራል።

እዚህ ላይ ሕጉ ያግዛል። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና መስፈርቱን ለሚያሟላ ሁሉ ክፍት ነው፤ እያንዳንዱ አባልም አንድ ድምፅ አለው። በተግባር ግን በሩ የሚዘጋው በዕጣ ክፍያው ነው። ነባር አባላት ቦይ ሲቆፍሩ ጉልበታቸውን፣ ሞተር ሲገዙ ገንዘባቸውን አውጥተዋል፤ «በነፃ አይገባም» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ወረዳው ከተመላሹ መቋቋሚያ ገንዘብ ላይ የዕጣውን ክፍያ በቀጥታ ለማኅበሩ ቢያስተላልፍ ወይም ከመጀመሪያው ምርት ሽያጭ እንዲቀነስ ሦስቱ ወገኖች ቢፈራረሙ ቅሬታው ይቀንሳል።

ብድር ካስፈለገም የአካባቢው ሰው ወለድ ያለበትን እንደማይነካ የታወቀ ነው። በቀድሞ ስሙ ሶማሌ ማይክሮፋይናንስ ይባል የነበረው ሸበሌ ባንክ ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ ይሠራል። ሙራባሃ በሚባለው አሠራር ባንኩ ሞተሩን ወይም ዘሩን ራሱ ይገዛና ትርፉን አስታውቆ ለገበሬው በዱቤ ይሸጣል። ለተመላሽ ወታደር ይህ አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ የሚረከበው ብር ሳይሆን ዕቃ ነው። ብር በእጁ የገባ ሰው ዘመድ የታመመበት፣ ሠርግ የደረሰበት ቀን ሊያወጣው ይገደዳል። የናፍጣ ሞተር ግን ለሠርግ አይታረድም።

እግር ያጣ ሰው ቦይ ዳር ምን ይሠራል?

ከተሰናባቾች መካከል አካላቸው የተጎዳ አሉ። ወረዳ ላይ ስለ እርሻ ሲወራ እነርሱ ወዲያው ከዝርዝሩ ይወጣሉ። «ዶማ መያዝ አይችልም» ይባላል። የመስኖ እርሻን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን ዶማው ከሥራው አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑን ያውቃል።

ሽንኩርትን እንውሰድ። ችግኙ በመደብ ላይ ከ45 እስከ 50 ቀን ይቆያል። መደቡን ማጠጣት፣ ጥላውን ማስተካከል፣ አረሙን መንቀል፣ ችግኙን ማሳሳት ሁሉ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ወደ ማሳ ሲዛወር በቦዮቹ መካከል 40 ሴንቲ ሜትር፣ በረድፎቹ መካከል 20፣ በችግኞቹ መካከል ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ጠብቆ መትከል ያስፈልጋል፤ ይህም ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ምርቱ ሲነሳ ማድረቅ፣ አንገቱን መቁረጥ፣ ትልቁን ከትንሹ መለየት፣ በከረጢት መሙላትና መመዘን አለ። ከዚህ ውጭ ሞተሩን የሚያስነሳና ዘይቱን የሚያይ፣ የውኃ ተራውን መዝግቦ የሚያስፈጽም፣ ናፍጣውን ቆጥሮ የሚያወጣ፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ ሌሊት ማሳውን ከከብት የሚጠብቅ ሰው ማኅበሩ ይፈልጋል። አንድ እጁን ያጣ ሰው ተራ አስከባሪ ቢሆን የሚጎድለው ነገር የለም። እንዲያውም ሰዓት ማክበርና ትዕዛዝ መመዝገብ የለመደ ሰው ለዚህ ቦታ ይመረጣል።

የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግና ሥራውንም ለሰውየው እንዲያመቻች ያስገድዳል። ሕጉ በዋናነት የተጻፈው ለቀጣሪና ለተቀጣሪ ነው። ማኅበር ግን ለጥበቃ፣ ለሒሳብ ወይም ለሞተር ሰው ሲቀጥር እርሱም ቀጣሪ ነው። የወረዳው የኅብረት ሥራ ባለሙያ ይህን ለማኅበሩ ኮሚቴ ቢያስረዳ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ሥራ ይሆናል።

ሌላው እንቅፋት ማስረጃ ነው። በሠራዊት ውስጥ ዓመታት የቆየ ሰው መኪና ነድቷል፣ የናፍጣ ሞተር ፈትቶ ገጥሟል፣ ሬዲዮ ጠግኗል፣ ቁስል አክሟል። ሲመለስ ይህን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለው ሥራ ፈላጊ ሆኖ ሲመዘገብ «ሙያ የለውም» ከሚለው ረድፍ ይገባል። የሙያ ብቃት ምዘና ግን ሰው ሙያውን የት እንደተማረ አይጠይቅም፤ መቻሉን አይቶ ያረጋግጣል። በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሚመዘግበው ሠራተኛ «ምን ተምረሃል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «በሠራዊት ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱንም ጽፎ ወደ ምዘና ቢልክ፣ ሞተር ጠጋኝ ከገዛ ወረዳው ይገኛል። በገናሌ ዳርቻ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ሳለ የተበላሸ ሞተር ጠጋኝ ከነገሌ ቦረና እስኪመጣ ድረስ ማሳው ይደርቃል።

ነገሌ ከተነሳ አይቀር፣ ወታደርና ውኃ በዚህ ደቡባዊ ቆላ የቆየ ታሪክ አላቸው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ያመፀው በምግቡ መበላሸትና በውኃ ነበር። የወታደሩ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ መኮንኖቹ የራሳቸውን አላካፍል አሉ። ሊያረጋጉ የተላኩት የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ተይዘው ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተደረጉ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ምን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። የአንድ ሞተር ብልሽትን የሚንቅ አስተዳዳሪ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም።

ገንዘቡ ከመደቡ በፊት ይድረስ

በስንብት ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያከስረው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የሚደርስበት ጊዜም ነው። በጀት የራሱ ወር አለው፤ ሽንኩርትም የራሱ።

በዶሎ ኦዶ መደቡ በጥቅምት መጨረሻ ቢፈሰስ ችግኙ በታኅሣሥ አጋማሽ ይተከላል። ዝናብ የሌለበት ጂላል ስለሆነ በሽታው ቀላል ነው፤ እንደ «ቦምቤይ ቀይ» ያለው ዝርያ መጋቢት ማለቂያ ላይ ይደርሳል። የጉ ዝናብ ሳይጥል ተነቅሎ፣ ደርቆ ወደ ገበያ ይወጣል። ተመላሹ ዘርና ናፍጣ የሚገዛበት ገንዘብ በታኅሣሥ መጨረሻ ቢደርሰው ግን ሁሉም በሁለት ወር ይገፋል። ሽንኩርቱ የሚደርሰው በግንቦት ይሆናል፤ ያኔ ዝናብ ነው። እርጥብ ሽንኩርት አይደርቅም፤ በከረጢት ውስጥ ይበሰብሳል። ገንዘቡን በሙሉ ተቀብሎ፣ ቀን ከሌሊት ሠርቶ፣ ሁለት ወር በዘገየ ክፍያ ምክንያት ብቻ ባዶ እጁን የሚቀር ሰው ይኖራል። በዓመቱ መጨረሻ «ወታደር እርሻ አይሆንለትም» የሚል ወሬም ይከተላል።

ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከ36 ሺህ በላይ ወታደር ስታሰናብት የመቋቋሚያውን ድጋፍ በአንድ ጊዜ አልከፈለችም። ከፊሉን በዕቃ፣ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ፣ በየወረዳው በተቀመጡ ባለሙያዎች በኩል ከፋፍላ ሰጠች። ለገናሌ ገበሬ ክፍፍሉ በእርሻው ወር ቢሆን ይበጃል። የመጀመሪያው ለዘርና ለመደብ ከጥቅምት በፊት፣ ሁለተኛው ለናፍጣና ለማዳበሪያ በታኅሣሥ፣ የቀረው ምርት ለማንሳት በመጋቢት። ገንዘቡን የሚልከው አካል የዶሎን ወር ሊያውቅ አይችልም፤ ሊነግረው የሚችለው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው።

ወንዙም ቢሆን ሁልጊዜ የዋህ አይደለም። ዳዋ በበጋ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም አሸዋው ይወጣል። ገናሌ ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል፤ ከላይ በኩል በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብም አለበት። በኅዳር 2016 ዓ.ም. እንደሆነው ደግሞ ጎርፉ ከአልጋው ወጥቶ ማሳና ቤት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ መደቡ በጥቅምትና በኅዳር ከጎርፉ መስመር ራቅ ብሎ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ይሁን። ለችግኝ የሚበቃው መሬት ጠባብ ነው፤ ለአንድ ሄክታር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዘር በቂ በመሆኑ በቤት አጠገብ በጆግ እየተጠጣ ሊያድግ ይችላል። ሞተሩም ተንቀሳቃሽ በሆነ መሠረት ላይ ቢቀመጥ ውኃው ሲሞላ ወደ ላይ ይጎተታል።

ዴይር ከመግባቱ በፊት በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚሠራው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። ሥራና ክህሎት የተመላሾቹን ስምና በሠራዊት ውስጥ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ይዝገብ። የኅብረት ሥራ ባለሙያው ዝርዝሩን ይዞ በየማኅበሩ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ይገኝ፤ የትኛው ማኅበር ሞተር ጠጋኝ፣ የትኛው ሒሳብ ያዥ እንደሚፈልግም ይጠይቅ። የጎሳ ሽማግሌዎች ወንዝ ዳር ያለው ድርሻ ላይ ከወዲሁ ይነጋገሩ። የግብርና ልማት ሠራተኛው ዘሩ ከየት እንደሚገዛ ይወቅ። የመደቡ አፈር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ተቆፍሮ፣ ፍግ ተደባልቆበት፣ ውኃ ጠጥቶ መጠበቅ አለበት።